ዓመትን ከፀሐይ ጋር ያስታረቁ መምህር፦ አባ ክሪስቶፎር ክላቪዩስ

በየቤታችንና በየቁምስናችን ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ የምንመለከተው አብዛኛውን ጊዜ በዓል መቼ እንደሚውል፣ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ደመወዝ ሊከፈል ስንት ቀን እንደ ቀረ ለማወቅ ነው። ቀኖቹ በዚያ መልክ ተሰድረው የተገኙት በማን ድካም እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ዘመንን በትክክል መቁጠር ቀላል ሥራ አይደለም። ፀሐይና ጨረቃ ለዕለታትና ለዘመናት ምልክት ሆነው የተሰጡን ቢሆኑም ዑደታቸው በሙሉ ቁጥር አይፈጸምም፤ ሁልጊዜ ጥቂት ይተርፋል፣ ወይም ጥቂት ይጐድላል። ያችን ጥቂት ነገር ችላ የሚል ትውልድ ስሕተቷን አሳድጎ ለልጅ ልጆቹ ያወርሳታል።

ዛሬ አብዛኛው ዓለም ለመንግሥት ሥራ፣ ለንግድና ለጉዞ የሚጠቀምበት የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይህችኑ ትርፍ ለማረም የተደረገ የብዙ ሰዎች ድካም ፍሬ ነው። አቆጣጠሩ የሚጠራው ባወጁት በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ስም ነው። መሠረተ ሐሳቡን ያፈለቀው ከደቡብ ኢጣልያ የተገኘ አንድ ሐኪም ነበር። በስሌት የመረመሩት፣ ለዓለም ያስረዱትና እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ጥብቅና የቆሙለት ግን አንድ ኢየሱሳዊ ካህንና የሒሳብ መምህር ናቸው፤ እርሳቸውም አባ ክሪስቶፎር ክላቪዩስ ይባላሉ። ከዚህ በታች የእኚህን መምህር የሕይወት ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱና ቀኖቹ ሌላ እስካልተባለ ድረስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልደታቸውና ጥሪያቸው

አባ ክላቪዩስ በጀርመን አገር ባምበርግ በምትባል ከተማ ማርች 25 ቀን 1538 ተወለዱ። ስለ ወላጆቻቸውና ስለ ልጅነታቸው ተጽፎ የቆየ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ያደጉበት ዘመን የአውሮፓ ክርስቲያኖች በሃይማኖት ጉዳይ የተለያዩበትና የትውልድ አገራቸው ጀርመንም የክርክሩ ማእከል የሆነችበት ዘመን ነበር። በ1555 ገና የ17 ዓመት ወጣት ገደማ ሳሉ በሮማ ወደ ማኅበረ ኢየሱስ ገቡ። ማኅበሩ ከጸደቀ ገና 15 ዓመቱ ስለ ነበር የተቀበላቸው መሥራቹ ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ራሱ ነው። ቅዱሱ በሚቀጥለው ዓመት ሲያርፍ ወጣቱ ክላቪዩስ ለትምህርት ወደ ፖርቱጋል ተልከው በኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ይከታተሉ ጀመር።

በቀትር የጨለመች ፀሐይ

በኮይምብራ ሳሉ የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነ ነገር ሆነ። ኦገስት 21 ቀን 1560 በቀትር ሰዓት ገደማ ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ገብታ ፀሐይን ፈጽማ ሸፈነቻት። የ22 ዓመቱ ተማሪ በኋላ በመጽሐፋቸው እንደ ተረኩት፣ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበትን ስፍራ ማየት እስኪሳነው ድረስ ጨለማ ሆነ፤ ከዋክብት በቀን ታዩ፤ ወፎችም ደንግጠው ከአየር ወደ ምድር ወደቁ። ብዙ ሰው በፍርሃት በሚመለከተው በዚህ ነገር ውስጥ ክላቪዩስ ሥርዓትን አዩ። ጨረቃ በየትኛው ሰዓት በየትኛው ስፍራ ላይ እንደምትደርስ አስቀድሞ ማስላት የሚቻል ከሆነ፣ ሰማይ ሊነበብ የሚችል መጽሐፍ ነው ማለት ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልባቸው ወደ ሒሳብና ወደ ሥነ ከዋክብት አዘነበለ።

ከ7 ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1567፣ በሮማ ሳሉ ሌላ ግርዶሽ አዩ። በዚህኛው ጨረቃ ፀሐይን ፈጽማ አልሸፈነቻትም፤ በዙሪያዋ ቀጭን የብርሃን ቀለበት ቀርቶ ነበር። አባ ክላቪዩስ ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ጻፉት። ይህች አጭር ጽሑፍ ከ400 ዓመት በኋላ እንኳ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትን ስታነጋግር ኖራለች። ፀሐይ በየትኛው ዕለት በየትኛው ከተማ ላይ እንዴት ሆና እንደ ጨለመች ከታወቀ፣ ምድር በዚያ ዘመን በምን ያህል ፍጥነት ትዞር እንደ ነበር ማስላት ይቻላልና። የዕለት ርዝመት ከዘመን ወደ ዘመን በጥቂት በጥቂቱ እንደሚለወጥ የተረዳነው እንዲህ ባሉ የጥንት ሰዎች ታማኝ ምስክርነት ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

የሮማ ኮሌጅ መምህር

አባ ክላቪዩስ ከፖርቱጋል ተመልሰው በሮማ የነገረ መለኮት ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ በ1564 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። በዚያው ዘመን ገደማ ዛሬ ጎርጎርዮሳዊ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም በተወለደበት በሮማ ኮሌጅ ሒሳብ ማስተማር ጀመሩ፤ ከጥቂት ጊዜያት በቀር እስኪያርፉ ድረስ ከዚያ አልወጡም። ግማሽ ምእት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያንኑ ትምህርት በዚያው ቤት አስተማሩ።

በዚያ ዘመን ሒሳብ ከፍልስፍናና ከነገረ መለኮት አጠገብ እንደ ታናሽ ትምህርት የሚቆጠር ነበር። አባ ክላቪዩስ ግን ሒሳብን ያልተማረ ሰው ፍልስፍናንም በሚገባ ሊያውቅ እንደማይችል አጥብቀው ይናገሩ ነበር። በዚህም ተከራክረው ረቱ፤ የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤቶች ሥርዓት በ1599 ሲጸድቅ ሒሳብ የራሱን ቦታ አገኘ። እርሳቸው ያዘጋጇቸው መጻሕፍትም በብዙ አገር የመማሪያ መጻሕፍት ሆኑ። በ1570 ስለ ሰማይ አካላት የሚያስረዳ ትርጓሜ፣ በ1574 የግሪካዊውን የኤውክሊድን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ከማብራሪያ ጋር አሳተሙ። በ1581 ደግሞ በጥላ ሰዓት የሚነግሩ የፀሐይ ሰዓቶች እንዴት እንደሚሠሩ የሚያስተምር ትልቅ መጽሐፍ አወጡ።

ከደቀ መዛሙርታቸው ዋነኛው ወደ ቻይና የሄዱት አባ ማቴዎስ ሪቺ ናቸው። አባ ሪቺ ከቻይናዊው ክርስቲያን ሊቅ ከሹ ጓንግቺ ጋር ሆነው በ1607 የኤውክሊድን የመጀመሪያዎቹን 6 ክፍሎች ወደ ቻይንኛ ሲተረጉሙ መሠረት ያደረጉት የመምህራቸውን የአባ ክላቪዩስን እትም ነበር። በሮማ በአንድ ክፍል ውስጥ የተሰጠ ትምህርት በዚህ መንገድ እስከ ፔኪንግ ደረሰ።

ለአንድ ጀበና ቡና የማትበቃ ስሕተት

አባ ክላቪዩስን ለዓለም ያሳወቀው ሥራ ምን እንደ ነበር ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የሮማው ገዥ ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ፣ በእስክንድርያ ሊቃውንት ምክር፣ ዓመቱ 365 ቀን ከ6 ሰዓት እንዲሆን ደነገገ። ስድስቱ ሰዓታት በአራት ዓመት አንድ ቀን ስለሚሞሉ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ከእስክንድርያ የመጣው የእኛም አገር አቆጣጠር ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል፤ በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች።

ሆኖም ፀሐይ ዓመቷን የምትፈጽመው በ365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ 6 ሰዓት ሙሉ እየተባለ ሲቆጠር በየዓመቱ 11 ደቂቃ ከሩብ ያህል ያለ አግባብ ይጨመራል። ይህች ጊዜ አንድ ጀበና ቡና ለማፍላት እንኳ አትበቃም። ግን አትጠፋም፤ ትጠራቀማለች። በ128 ዓመት አንድ ሙሉ ቀን ትሆናለች።

ነገሩ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ የሆነው በትንሣኤ በዓል ምክንያት ነው። በ325 የኒቅያ ጉባኤ ክርስቲያኖች ሁሉ ትንሣኤን በአንድ ዕለት እንዲያከብሩ ከወሰነ በኋላ፣ በዓሉ መዓልትና ሌሊት ከሚተካከሉበት ከማርች 21 ጀምሮ ከምትታየው ሙሉ ጨረቃ ቀጥሎ ባለው እሑድ የሚውልበት ሥርዓት ጸና። በ16ኛው ምእት ዓመት ግን በሰማይ መዓልትና ሌሊት የሚተካከሉት ማርች 11 ቀን ሆኖ ነበር። ወረቀቱ ማርች 21 ይላል፤ ፀሐይ ግን ከ10 ቀን በፊት አልፋለች። የጨረቃው ሠንጠረዥም 4 ቀን ያህል ተዛንፎ ነበር። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ትልቁን በዓሏን የምታከብረው ራሷ በተቀበለችው ሥርዓት መሠረት እንኳ አልነበረም ማለት ነው።

ስሕተቱ ሳይታወቅ የቆየ አልነበረም። ፍራንቸስካዊው አባ ሮጀር ቤከን በ1267 ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 4ኛ በላኩት ጽሑፍ አመልክተው ነበር። በ1514 በላተራን ጉባኤ ዘመን ጉዳዩ ተነሥቶ ኮፐርኒክስም አሳቡን እንዲሰጥ ተጠይቆ፣ የፀሐይና የጨረቃ አካሄድ ገና በሚገባ አልታወቀም በማለት ሳይፈጸም ቀረ። ሁሉም በሽታውን ያውቃል፤ መድኃኒቱን የሚያውቅ ግን አልነበረም።

የሐኪሙ ሐሳብና የመምህሩ ምርመራ

መድኃኒቱን ያገኘው በእርግጥም ሐኪም ነበር። ሉዊጂ ሊሊዮ የሚባል የካላብርያ አገር ሰው ለብዙ ዓመታት ደክሞ አንድ የእርማት ዕቅድ ጻፈ፤ ነገር ግን ሥራው ሳይታይለት በ1576 ሞተ። ጽሑፉን ወደ ሮማ ያቀረበው ወንድሙ አንቶንዮ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛም በብፁዕ ካርዲናል ጉልየልሞ ሲርሌቶ የሚመራ የሊቃውንት ጉባኤ አቋቋሙ። ከአባላቱ መካከል ዶሚኒካዊው አባ ኢግናጥዮስ ዳንቲ፣ ስፔናዊው ሊቅ ፔድሮ ቻኮን፣ ከምሥራቅ የመጡት የቀድሞው የሶርያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ኢግናጥዮስ ንዕመታላህ፣ እንዲሁም አባ ክላቪዩስ ይገኙ ነበር። ምሥራቅና ምዕራብ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ አንድ ዓመት ርዝመት መከሩ።

የሊሊዮ ዕቅድ ሁለት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው የፀሐይን ዓመት የሚመለከት ነው። በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን መጨመሩ ይቀጥላል፤ ነገር ግን ምእት ዓመት ከሚሞላባቸው ዓመታት ለ400 የሚካፈሉት ብቻ ትርፍ ቀን ይኖራቸዋል። ስለዚህ 1700፣ 1800 እና 1900 ትርፍ ቀን አልነበራቸውም፤ 2000 ነበረው፤ 2100 አይኖረውም። በዚህ አኳኋን በ400 ዓመት ውስጥ 3 ቀን ይቀነሳል፤ የዓመቱም አማካይ ርዝመት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይሆናል። ከእውነተኛው ዓመት ጋር ያለው ልዩነት 27 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ለመሙላት ከ3,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ሁለተኛው ክፍል የጨረቃን አቆጣጠር የሚያርም ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አንባብያን እዚህ ላይ የቤታቸውን ነገር ያገኛሉ። ሊሊዮ የተጠቀመበት መሣሪያ የእኛ ሊቃውንት አበቅቴ የሚሉት ነው፤ ስሙም ሳይቀር አንድ ነው፣ ሁለቱም ከግሪክ ቃል የመጡ ናቸውና። ጥንታዊው ስሌት 19 ዓመት በሞላ ጊዜ፣ ማለት በንዑስ ቀመር፣ ጨረቃ ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለች ይላል። ይህ እጅግ ለእውነት የቀረበ ነው፤ ነገር ግን በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይስታል። ሊሊዮ የ19ኙን ዓመት ዑደት ሳያፈርስ፣ አበቅቴው በተወሰነ ዘመን በአንድ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ሠንጠረዥ ሠራለት፤ በጨረቃ በኩል የሚደረገው እርማት በ2,500 ዓመት 8 ጊዜ እንዲሆን ወሰነ። የአባቶችን ሥርዓት ጠብቆ ማረም ይሏል እንዲህ ያለው ነው።

ይህን ዕቅድ በቁጥር መመርመርና ማስተካከል ከሁሉ ይልቅ በአባ ክላቪዩስ ትከሻ ላይ ወደቀ። ዕቅዱ በ1577 ባጭሩ ታትሞ ለካቶሊካውያን ነገሥታትና ለታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ተላከ፤ መልሶቻቸውም ተመዘኑ። በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1582 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አዋጁን አወጡ።

ያልነበሩ ዐሥር ቀኖች

ከኒቅያ ጉባኤ ወዲህ የተጠራቀሙትን 10 ቀናት ለማስወገድ ሁለት መንገድ ነበረ። አንዱ ለ40 ዓመት የትርፍ ቀን መጨመርን ትቶ ቀስ በቀስ ማረም ነው፤ ሌላው ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቁረጥ ነው። ጉባኤው ሁለተኛውን መረጠ። የተመረጠውም የኦክቶበር ወር ሲሆን ምክንያቱ በዚያ ወር የሚውሉ ታላላቅ በዓላት ጥቂት በመሆናቸው ነው። ስለዚህ በ1582 ከኦክቶበር 4 ሐሙስ ቀጥሎ የዋለው ዓርብ ኦክቶበር 15 ተባለ። የሳምንቱ ዕለታት ተራ አልተናጋም፤ ሐሙስን ዓርብ ተከተለው፤ ቍጥሩ ብቻ ዘለለ።

በዚያች ሌሊት በስፔን አገር ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ ዐረፈች። ኦክቶበር 4 ማታ ያረፈችው ቅድስት በማግሥቱ ስትቀበር ቀኑ ኦክቶበር 15 ነበር። ዛሬ በዓሏን ኦክቶበር 15 ቀን የምናከብረው ከዚህ የተነሣ ነው።

አዋጁ የድኾችንና የባለዕዳዎችንም ነገር አልዘነጋም። በወርና በዓመት የሚከፈል ገንዘብ ያለበት ሰው በተቀነሱት ቀናት ምክንያት እንዳይጐዳ፣ ዳኞች የመክፈያውን ጊዜ በ10 ቀን እንዲያራዝሙ ታዘዘ። ቀንን መለወጥ በወረቀት ላይ የሚደረግ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ኪራይ የሚከፍል፣ ደመወዝ የሚጠብቅ፣ ፍርድ ቤት የተቀጠረ ሰው ሁሉ ይነካበታል። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ሕግ መልካም ሕግ ነው።

ሠላሳ ዓመት የፈጀ ማስረዳት

ኢጣልያ፣ ስፔን፣ ፖርቱጋልና ፖሎኛ አዲሱን አቆጣጠር በተባለው ቀን ተቀበሉ፤ ፈረንሳይ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ተከተለች። ከሮማ የተለዩት አገሮች ግን አልተቀበሉትም። ስሌቱ ትክክል መሆኑን የሚያውቁ ሊቃውንት እንኳ ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የመጣ በመሆኑ ተቃወሙት። በጀርመን አገር በአንድ ከተማ የልደት በዓል ሲከበር በጐረቤት ከተማ ገና 10 ቀን ይቀረው ነበር፤ በአውግስቡርግ ከተማ በዚህ ምክንያት በ1584 ብጥብጥ ተነሣ። የፕሮቴስታንት የጀርመን ግዛቶች እርማቱን የተቀበሉት በ1700፣ እንግሊዝ በ1752፣ ሩስያ በ1918፣ ግሪክ በ1923 ነው።

የአባ ክላቪዩስ እውነተኛ ድካም የጀመረው እንግዲህ አዋጁ ከወጣ በኋላ ነው። የጀርመኑ የሥነ ከዋክብት መምህር ሚካኤል ሜስትሊን፣ ዝነኛው ሊቅ ዮሴፍ ስካሊገር፣ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፍራንሷ ቪየት እየተነሡ እርማቱን ነቀፉ። አባ ክላቪዩስ ለእያንዳንዳቸው በጽሑፍ መለሱ። በ1588 የመከላከያ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1603 ደግሞ አቆጣጠሩን ከሥሩ ጀምሮ የሚያብራራ እጅግ ሰፊ መጽሐፍ አወጡ።

ከነቀፋዎቹ ሁሉ ከባዱ የሚከተለው ነበር። አቆጣጠሩ በእውነተኛዋ ፀሐይና በእውነተኛዋ ጨረቃ ሳይሆን በአማካይ ስሌት ስለሚሄድ፣ አንዳንድ ጊዜ በሰማይ ከሚታየው በአንድ ቀን ይለያል የሚል ነው። አባ ክላቪዩስ ይህን አልካዱም። ነገር ግን ሰማይን በየዓመቱ ተመልክቶ በዓልን መወሰን ሌላ ጥፋት እንደሚያመጣ አስረዱ። የሊቃውንቱ ሠንጠረዦች እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቅጽበት በአንዱ አገር ቅዳሜ ሌሊት ሲሆን በሌላው አገር እሑድ ንጋት ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ክርስቲያኖች በአንድ ዕለት ሊያከብሩ አይችሉም። ስለዚህ የሚያስፈልገው፣ ለሰማይ በጣም የቀረበ፣ ነገር ግን በገጠር ያለ አንድ ካህን እንኳ ያለ መነጽርና ያለ መሣሪያ ሊቆጥረው የሚችል፣ ከብዙ ምእት ዓመታት በፊት ለሁሉ የታወቀ ሥርዓት ነው። የኅብረተሰብ አቆጣጠር ሁለት ጌቶች አሉት፤ አንዱ የሰማይ እውነት ነው፣ ሁለተኛው የሰዎች አንድነት ነው። አባ ክላቪዩስ ሁለቱንም ለማገልገል ጣሩ። ከእርሳቸው ሃይማኖት ያልሆነው ታላቁ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር ሳይቀር እርማቱን ደግፏል።

ሽማግሌው መምህርና አዲሱ መነጽር

አባ ክላቪዩስ ምድር በመካከል ቆማ ፀሐይ ትዞራታለች የሚለውን የጥንት ትምህርት እስከ መጨረሻ አልተዉም። በዚህ ተሳስተዋል፤ የዘመን እርማቱ ግን ዑደትን ስለሚቆጥር፣ የትኛው አካል እንደሚዞር ስለማይጠይቅ አልተነካም። ጋሊሌዮ ገና ወጣት ሳለ በ1587 ሮማ ድረስ መጥቶ ጐብኝቷቸው ነበር። በ1610 በመነጽሩ ጁፒተርን የሚዞሩ ጨረቃዎች ማየቱን ባስታወቀ ጊዜ የ72 ዓመቱ ሽማግሌ በመጀመሪያ ተጠራጠሩ። ግን አልካዱም፤ ባልደረቦቻቸው መነጽር ሠርተው ሌሊት ሌሊት ተመለከቱ፤ አዩትም። በኤፕሪል 1611 ቅዱስ ሮበርት ቤላርሚኖ የኮሌጁን ሒሳብ መምህራን ስለዚህ በጠየቃቸው ጊዜ፣ አባ ክላቪዩስና ባልደረቦቻቸው የጋሊሌዮ ምልከታ እውነት መሆኑን መሰከሩ፤ የጨረቃን ገጽ በተመለከተ ብቻ አባ ክላቪዩስ ጥርጣሬያቸውን ገለጹ። በዚያው ዓመት በታተመው የመጨረሻ ሥራቸው የሥነ ከዋክብት ሊቃውንት አዲሱን ነገር ተመልክተው የሰማይን ሥርዓት ደግመው እንዲያስቡ አሳሰቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩትን ትምህርት ሌሎች ደግመው እንዲመረምሩት መጋበዝ ለሽማግሌ መምህር ቀላል አይደለም።

አባ ክላቪዩስ በፌብሩዋሪ 1612 በሮማ ዐረፉ። ከ39 ዓመት በኋላ ሌላው ኢየሱሳዊ ሊቅ አባ ሪቾሊ የጨረቃን ካርታ ሲያወጡ፣ በደቡብ በኩል ያለውንና ወርዱ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ሰፊ ጐድጓድ በክላቪዩስ ስም ሰየሙት። ለስላሳ ናት ወይስ ወጣ ገባ ብለው በተጠራጠሩባት በጨረቃ ገጽ ላይ ስማቸው ተጽፎ ቀረ።

ጥያቄው በእኛም ዘመን አለ

አባ ክላቪዩስ የደከሙበት ጥያቄ በዘመናችን በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል። ቀድሞ ሰከንድ ማለት ከአንድ ዕለት 86,400ኛዋ ክፍል ነበረች። በ1967 ግን ሰከንድ በሲዝየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረት እንድትለካ ተወሰነ። የአቶም ሰዓት ሳይዛነፍ ይሄዳል። ምድር ግን በጨረቃ ስበት ከሚነሣው የባሕር ውኃ ሙላትና ጕድለት የተነሣ ከዘመን ወደ ዘመን መዞሯን ታዘገያለች፤ በውስጧም በሚሆነው እንቅስቃሴ አንዳንዴ ትፈጥናለች፣ አንዳንዴ ትዘገያለች። ይህን ካስረዱት ማስረጃዎች መካከል አባ ክላቪዩስ የጻፏቸው ሁለቱ ግርዶሾች ይገኛሉ።

ሁለቱ ሰዓቶች እንዳይራራቁ ከ1972 ጀምሮ አስፈላጊ በሆነ ጊዜ በዓለም ሰዓት ላይ አንዲት ተጨማሪ ሰከንድ ትጨመራለች፤ ጳጉሜን ስድስተኛዋን ቀን እንደምታገኝ ማለት ነው። እስከ 2016 መጨረሻ 27 ሰከንዶች ተጨምረዋል። የመጨረሻይቱ ስትጨመር በአገራችን ለታኅሣሥ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነበር፤ ያቺ ደቂቃ 61 ሰከንድ ነበራት። ማንም አላወቀባትም፤ ኮምፒዩተሮች ግን ያውቃሉ። ጁን 30 ቀን 2012 የተጨመረችው ሰከንድ በርካታ የኮምፒዩተር አገልግሎቶችን አውካ ነበር። የጎርጎርዮስ ትርፍ ቀን ከብዙ ዘመን በፊት ይታወቃል፤ ተጨማሪዋ ሰከንድ ግን የምድር ፍጥነት አስቀድሞ ስለማይታወቅ የምትነገረው 6 ወር ያህል ሲቀራት ብቻ ነው። ስለዚህ በኖቬምበር 2022 የመለኪያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ በአቶም ሰዓትና በምድር መካከል የሚፈቀደው ልዩነት እስከ 2035 ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲሰፋ ወሰነ። ክርክሩ ያው ነው፤ በየጊዜው ሰማይን እንከተል፣ ወይስ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ሥርዓት ይዘን እርማቱን ለኋለኛው ትውልድ እናቆይ? ለልጆቻችን የምናቆየው ዕዳ ከሆነ ግን፣ ከኒቅያ እስከ ጎርጎርዮስ ምን ያህል እንደ ተጠራቀመ ማስታወስ ይገባናል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

አንድ ልጅ ተነሥቶ የጌታ ልደት አንዱ ጋ ዲሴምበር 25፣ ሌላው ጋ ጃንዋሪ 7 ቀን የሚከበረው ለምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ የእምነት ልዩነት ሳይሆን የአቆጣጠር ልዩነት ነው። በ19ኛው ምእት ዓመት እንደ አገራችን አቆጣጠር የሚከበረው ልደት ጃንዋሪ 6 ቀን ይውል ነበር፤ ከ2101 ጀምሮ ደግሞ ጃንዋሪ 8 ቀን ይውላል፤ 2100 በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ትርፍ ቀን የለውምና። መስከረም 1 ቀንም ያን ጊዜ ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ትሸጋገራለች። የኒቅያ ጉባኤ 1,700ኛ ዓመት በታሰበበት በ2025፣ ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ዕለት ተገናኝተው ትንሣኤ በኤፕሪል 20፣ ማለት በእኛ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በምሥራቅም በምዕራብም ተከበረ። በሚቀጥለው ዓመት በ7 ቀን ተለያዩ። የኒቅያ አባቶች የተመኙት ነገር ገና ሥራ ይጠብቀዋል።

አባ ክላቪዩስ አቆጣጠሩን አላወጁም፤ ሐሳቡንም አላፈለቁም። ሌላው ያሰበውንና ሌላው ያወጀውን ነገር ሕዝብ እስኪረዳው ድረስ ለ30 ዓመት አስረዱ፤ ለጠየቀ መለሱ፤ ለነቀፈ አብራሩ፤ ጥቁር ሰሌዳቸውንም ሳይለቁ ዐረፉ። በየቁምስናው በቅዳሜና በእሑድ ከሕፃናት ጋር የሚደክሙ መምህራን ይህን ሥራ ከማንም ይልቅ ያውቁታል።